ከፍቺ በኋላ ልጁ ማን ዘንድ ይደግ? ዱላ የነበረበት ቤትና የዳኛው ጥያቄ



ኒካህ ሲፈርስ ቤቱ፣ ሱቁና ዕቃው በሽማግሌም ሆነ በፍርድ ይከፈላል። ልጅ ግን አይከፈልም። ቤቱን ያፈረሰው ዱላና ዛቻ ከሆነ ደግሞ «ልጁ ማን ዘንድ ይደር? ሌላኛው ወላጅስ በምን ሁኔታ ይየው?» የሚለው ጥያቄ ከፍቺው ከራሱ ይከብዳል። ዛሬ ይህን ጥያቄ የምናነሳው በወላይታ ሶዶና በወላይታ ዞን የሚኖሩ ወንድሞችና እህቶቻችንን እያሰብን ነው። በዞኑ ሙስሊሙ በቁጥር አነስተኛ ነው። በዚህ የተነሳ ብዙው ሰው ይተዋወቃል፤ የባልና የሚስት ቤተሰብ አንድ መስጂድ ይሰግዳል፣ ልጆቻቸው አንድ መድረሳ ቁርአን ይቀራሉ። ይህ መተዋወቅ በደህና ቀን ትልቅ ኒዕማ ነው። ቤት ውስጥ ድብደባ ሲኖር ግን ነገሩን አፍኖ ለማስቀረትም ይመቻል።

ለማስረዳት ያህል አንዲት እህት እናስብ። የፈጠርናት ናት፤ ታሪኳ የማንም የተለየ ሰው ታሪክ አይደለም። ሶዶ ከተማ ትኖራለች፤ የሰባት ዓመት ወንድና የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አላት። ባሏ ይመታታል፤ አንዳንዴም ልጆቹ ፊት። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተቀምጦ «ሰብር አድርጊ» ተብላ ተመልሳለች። በሦስተኛው ልጆቿን ይዛ አረካ ወዳለው የወላጆቿ ቤት ሄደች። የፍቺው ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን «አልተግባባንም» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረች። የቤቷን ገመና አደባባይ ማውጣት ነውር መሰላት። ዳኛው ፊት የቀረበው ፋይል የሚያሳየው እንግዲህ ሁለት ሰዎችን ነው፦ አንዱ የራሱ ቤትና ቋሚ ገቢ ያለው አባት፣ ሌላዋ ወላጆቿን ተጠግታ የምትኖር፣ ገቢዋ ያልታወቀ እናት። ወንዱ ልጅ ለአባቱ ተሰጠ። ሴቷ እናቷ ዘንድ ሆና በየሳምንቱ አባቷ ቤት እያደረች እንድትመለስ ታዘዘ።

ዳኛው በደለ እንበል? አይመስለንም። የፈረደው በቀረበለት ነገር ነው። ያልተነገረውን ዱላ ከየት ያምጣው?

ሕጉ ምን ይላል?

በ1992 የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 113 ላይ ፍቺ የሚወስን ፍርድ ቤት በዚያው ልክ ልጆቹ ማን ዘንድ እንደሚኖሩ፣ ትምህርታቸውና ጤናቸው እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ቀለባቸውን ማን እንደሚሸፍን፣ ወላጅና ልጅ እንዴት እንደሚገናኙ አብሮ እንዲወስን ያዛል። ዳኛው ይህን ሲወስን የሚያያቸውንም ይዘረዝራል፦ የባልና የሚስቱን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም። በወላይታ ዞን ያሉ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በክልል የቤተሰብ ሕግ ስለሆነ የአንቀጹ ቁጥር ሊለያይ ይችላል፤ መሠረታዊ ሐሳቡ ግን ተቀራራቢ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሕጉ ልጅ ለእናት ወይም ለአባት ነው ብሎ አስቀድሞ አልወሰነም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 681 ከባድ ምክንያት ካልኖረ በቀር ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ እናቱ ዘንድ ይሁን ይል ነበር። ብዙ ሰው ዛሬም «ከአምስት ዓመት በታች ለእናት ነው» ሲል የሚሰማው ከዚያ የቀረ ነው። የተሻሻለው ሕግ ግን ይህን የዕድሜ ድንበር አልያዘም። ሁለተኛ፣ ከተዘረዘሩት ውስጥ «ጥቃት» የሚል ቃል በስሙ የለም። ጥቃት የሚገባው «የአኗኗር ሁኔታ» እና «የልጆቹ ጥቅም» በሚሉት ቃላት በኩል ነው። ማለትም አንድ ሰው ይዞት ካልገባ በራሱ አይገባም። የእህታችን ፋይል የጎደለው እዚህ ላይ ነው።

የልጅ ጥቅም የሚለው ቃል እንዲያው ለማሳመር የተጻፈ አይደለም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36(2) ሕፃናትን በሚመለከት ማንኛውም ውሳኔ ሲሰጥ፣ ፍርድ ቤትም ይሁን ሌላ አካል፣ ቀዳሚ ቦታ የሚሰጠው ለልጁ ደኅንነት እንዲሆን ያዛል። ይህ አንቀጽ በተግባር ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ያሳየው ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 ዓ.ም. የሰጠው ውሳኔ ነው። ጉዳዩ የመጣው ከሩቅ አይደለም፤ ከቀድሞው የደቡብ ክልል ነው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ የአባቱ እህት ወስዳ ታሳድገዋለች። ኋላ አባት «ልጄን» ብሎ ይከሳል። የክልሉ ፍርድ ቤቶች አንዱ ወላጅ ሲሞት አሳዳሪና ሞግዚት የሚሆነው በሕይወት ያለው ወላጅ ነው የሚለውን ድንጋጌ ይዘው ለአባት ፈረዱ። የሕጉን ቃል ካየን አልተሳሳቱም። ሰበር ችሎቱ ግን ሻረው። የወላጅነት መብት ከልጁ ጥቅም ጋር ሲጋጭ የሚቀድመው የልጁ ጥቅም ነው ብሎ፣ ሕገ መንግሥቱንና ኢትዮጵያ የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ጠቅሶ፣ ልጁ አክስቱ ዘንድ እንዲቆይ ወሰነ።

ይህ የድብደባ ጉዳይ አልነበረም። ግን የሰበር ችሎቱ የሕግ ትርጉም በየትኛውም እርከን ያለ የፌዴራልም የክልልም ፍርድ ቤት ላይ አስገዳጅ ነው። አባትነት በሕግ ግልጽ ሆኖ ሳለ እንኳ የልጁ ጥቅም ካሸነፈ፣ ሶዶ ላይ የተቀመጠ ዳኛ የሚደበድብ ወላጅ ሲገጥመው ምን ማድረግ እንዳለበት ከዚህ ማወቅ አያቅተውም።

በፊቅህስ?

ይህን ውሳኔ ስናነብ ትዝ ያለን የሐምዛ (ረ.ዐ) ልጅ ጉዳይ ነው። ሐምዛ በኡሑድ ሸሂድ ሆነዋል። ከዓመታት በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዑምራ አድርገው ከመካ ሲወጡ ትንሿ ልጃቸው ተከትላቸው መጣች። ዓሊይ፣ ጃዕፈርና ዘይድ (ረ.ዐ) ሦስቱም «እኔ ላሳድጋት» ብለው ተከራከሩ፤ ሦስቱም ምክንያት ነበራቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰጧት ለጃዕፈር ቤት ነው። ለምን ቢሉ የጃዕፈር ባለቤት አስማእ ቢንት ዑመይስ የልጅቷ የእናት እህት ስለነበሩ፣ የእናት እህት በእናት ቦታ ናት ብለው ነው። ቡኻሪ ዘግበውታል። የልጅቷ ማደሪያ የተለየው ከተከራካሪዎቹ የየትኛው ክርክር ይበልጣል ተብሎ ሳይሆን እሷን በእናት እጅ የሚይዛት ማን ነው ተብሎ ነው።

በሸሪዓ ልጅን የመያዝና የመንከባከብ ኃላፊነት ሐዷና ይባላል። በመሠረቱ ትንሽ ልጅ እናቱ ዘንድ ይሆናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ቀርባ ባሏ ፈቷት ልጇን ሊነጥቃት እንደሆነ ለተናገረችው ሴት፣ ሌላ ባል እስካላገባች ድረስ ለልጁ ይበልጥ ባለመብት እሷ እንደሆነች ነግረዋታል (አቡ ዳውድ)። ዕድሜውን በተመለከተ መዝሀቦች ይለያያሉ። በአገራችን በስፋት በሚሠራበት የሻፊዒይ መዝሀብ ልጁ ክፉና ደጉን መለየት እስኪጀምር፣ ሰባት ዓመት ገደማ፣ እናቱ ዘንድ ይቆይና ከዚያ በኋላ ይመርጣል። በሐነፊይ ወንዱ እስከ ሰባት፣ ሴቷ እስከ ዘጠኝ ወይም እስክትደርስ ይባላል። በማሊኪይ ደግሞ ወንዱ እስኪደርስ፣ ሴቷ እስክታገባ ነው።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፤ የዕድሜ ቁጥር ቆጥሮ ይሄዳል። ነገር ግን ዑለማእ ሐዷና የሚይዝ ሰው ሊያሟላ የሚገባውን ሸርጥ ዘርዝረዋል። አቅልና ችሎታ ብቻ አይበቃም፤ አማናም ያስፈልጋል። ልጁ በእጁ ሲሆን በአካሉም በዲኑም የማይጎዳ መሆን አለበት። ይህ ሸርጥ የጎደለው ሰው እናትም ብትሆን አባትም ቢሆን መብቱ ያልፈዋል። ስለዚህ «ልጁ ሰባት ሞልቶታል፣ አባቱን መርጧል፣ አለቀ» ማለት አይቻልም።

ኢብኑል ቀዪም ዛዱል መዓድ በተሰኘው ኪታባቸው ከሸይኻቸው ከኢብን ተይሚያ የሰሙትን አንድ ጉዳይ ያወሳሉ። እናትና አባት በአንድ ልጅ ተካሰሱ። ዳኛው ልጁን አስመረጠው፤ ልጁም አባቴን አለ። እናት «እስቲ ለምን እንደመረጠው ጠይቀው» አለች። ሲጠየቅ፣ እናቱ በየቀኑ ትምህርት እንደምትልከውና መምህሩ እንደሚመታው፣ አባቱ ግን ከልጆች ጋር እንዲጫወት እንደሚተወው ተናገረ። ዳኛው ለእናት ፈረደ። ዳኛው የልጁን ቃል ሰምቷል፤ በቃሉ ብቻ ግን አልቆመም። የሚደበድብ አባት ያለው ልጅም አንዳንዴ «አባቴ ጋ» ይላል። ፈርቶ ሊሆን ይችላል፣ ብስክሌት ተገዝቶለት ሊሆን ይችላል፣ ወይም እናቱን ለማዳን አባቱን ማስደሰት ያለበት መስሎት ሊሆን ይችላል። በመደበኛው ፍርድ ቤትም ቢሆን ልጅን ወላጆቹ በሌሉበት ለብቻ ማነጋገር የሚመረጠው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ። «ሌላ ባል ካገባሽ ልጆቹን እወስዳለሁ» የሚለው ዛቻ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ የተለመደ ነው። እናት ስታገባ ሐዷናዋ ይነሳል የሚለው ከላይ ባነሳነው ሐዲስ ላይ የቆመ ነው። ነገር ግን የእናት መብት ሲነሳ በቀጥታ ለአባት ይተላለፋል ማለት አይደለም። በሻፊዒይም በሐነፊይም ከእናት ቀጥላ የምትመጣው የእናት እናት ናት። የሻፊዒይ ዑለማእ ደግሞ ያገባችው ሰው ለልጁ ሐዷና መብት ካላቸው ዘመዶች አንዱ ከሆነና ከፈቀደ መብቷ አይነሳም ይላሉ። በቤተሰብ ሕጉ ደግሞ ማግባት በራሱ ልጅ የሚያስነጥቅ ምክንያት ተብሎ አልተጻፈም።

መናገር ሐሜት ነውን?

የእህታችንን አፍ የያዘው ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ዲን የመሰላት ነገርም አለ። የሙስሊምን ነውር መሸፈን፣ ሐሜት ሐራም መሆኑ፣ ሰብር፤ እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። ግን ቦታ አላቸው። ኢማሙ ነወዊይ በሪያዱስ ሷሊሒን ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ምክንያቶች ሲቆጥሩ በመጀመሪያ ያስቀመጡት የተበደለ ሰው በደሉን ለዳኛ ወይም ሥልጣን ላለው አካል ማቅረቡን ነው። ሒንድ የባሏን የአቡ ሱፍያንን ቆጣቢነት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስትናገር «ባልሽን አማሽ» አልተባለችም፤ ፈትዋ ተሰጣት። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ የፋጢማ ቢንት ቀይስ ታሪክ ነው። ሁለት ሰዎች ለጋብቻ ጠይቀዋት ልታማክር ስትመጣ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው አቡ ጀህም ዱላ ከትከሻው የማይወርድ ሰው መሆኑን ነገሯት (ሙስሊም)። አንዱ ዘገባ ሴቶችን የሚመታ መሆኑን በግልጽ ያነሳል። ሰው ውሳኔ ላይ በቆመ ጊዜ ስለ ዱላ በስም መናገር እንግዲህ ሱና ውስጥ አለ። ልጅ ማን ዘንድ ይደር የሚለው ውሳኔ ከዚህ ያንሳል?

ጉዳዩ የጥቂት ቤቶች ብቻም አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉና ካገቡ ወይም አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች ውስጥ 34 በመቶ ከባላቸው ወይም ከትዳር አጋራቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ግን ሌላው ቁጥር ነው፤ በዚያው ጥናት 63 በመቶ ሴቶች ባል ሚስቱን ሊመታ የሚገባበት ቢያንስ አንድ ምክንያት አለ ብለው መልሰዋል። ለዚህ ደግሞ ዲንን ምክንያት አድርገው የሚያቀርቡ አይጠፉም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጂሃድ ካልሆነ በቀር ሴትንም ሆነ አገልጋይን በእጃቸው መትተው እንደማያውቁ መስክራለች። ኢማሞቻችን ይህን ሐዲስ በኹጥባ ቢያነሱት ከእኛ ጽሑፍ ይበልጥ ይሰማል።

ፍርድ ቤት ሲኬድ

ይህን ጽሑፍ እስካዘጋጀንበት ጊዜ ድረስ አገራችን በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ ብቻ ያተኮረ ራሱን የቻለ ሕግ የላትም። ይህ ትልቅ ክፍተት ነው፤ በሌሎች አገሮች አንዲት ሴት በአንድ ማመልከቻ የምታገኘውን የጥበቃ ትእዛዝ እዚህ ከየሕጉ እየለቀመች ነው የምትፈልገው። ያለውን ግን እንጠቀምበት። የወንጀል ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት በአካል ጉዳት ድንጋጌዎች እንደሚያስቀጣ ይናገራል፤ አንቀጽ 576 ደግሞ ልጅን ማሠቃየትን የሚመለከት ነው። ጋብቻ ለዱላ ሽፋን አይሆንም።

የወንጀሉ ክስና የልጅ ጉዳይ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልጁ ማን ዘንድ ይሁን የሚለውን የሚያየው ዳኛ አባት በወንጀል እስኪቀጣ መጠበቅ የለበትም፤ የቀረበለትን ማስረጃ በፍትሐ ብሔር ሚዛን ይመዝናል። ስለዚህ ማስረጃው በጊዜው መያዝ አለበት። ድብደባ ሲደርስ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ፣ የሐኪም ወረቀቱን መያዝ፣ ፖሊስ ጣቢያ ያለውን የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ጠይቆ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ጩኸት ሰምቶ የደረሰ ጎረቤት፣ ልጁ ተጎድቶ ሲመጣ ያየ መምህር ወይም የመድረሳ ኡስታዝ ምስክር ይሆናል። በስልክ የተላከ ዛቻ አይጥፋ። ሽማግሌ ሆናችሁ የተቀመጣችሁ አባቶችም፣ «ዳግም ላይመታት ማለ» ብላችሁ ከጨረሳችሁ ያንን በወረቀት አስፍሩት። መሐላው ሲፈርስ ሽምግልናችሁ ምስክር ይሆናል፤ ካልተጻፈ ግን ምንም እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

የመጨረሻው ፍርድ እስኪሰጥ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። በዚህ መሐል ልጆቹ የት ይቆዩ? ሕጉ በአንቀጽ 82 የፍቺ ጥያቄ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆቹ መኖሪያና ቀለብ፣ ስለ ባልና ሚስቱም አኗኗር ወዲያውኑ ተገቢውን ትእዛዝ እንዲሰጥ ያደርጋል። ከጋራው ቤት ማን ይውጣ የሚለውንም ሲወስን የልጆቹን ጥቅም ማየት አለበት። ብዙዎች ይህን አይጠይቁም፤ አቤቱታቸው ውስጥ ፍቺና ንብረት ብቻ ይሰፍራል። ጊዜያዊ ትእዛዝ መጠየቅን አትርሱ። በተለይ በወላይታ ይህ ችላ የሚባል ነገር አይደለም። ከዞኑ ሕፃናት ለሊስትሮና ለልዩ ልዩ ሥራ ወደ አዲስ አበባ እንደሚሄዱ የታወቀ ነው፤ በክርክር መሐል «ወንድሜ ጋ ልኬዋለሁ» የተባለ ልጅ ከዓይን ከጠፋ በኋላ ማስመለሱ ረጅም መንገድ ነው። ልጁ ከሚኖርበት ከተማ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ እንዳይወሰድ ገና ከጅምሩ ማመልከት ይሻላል።

መጠየቂያና መገናኛ

በአካል ጥቃት የሚጠረጠር ወላጅ ልጁን ጨርሶ አይየው ማለት ነው? በአብዛኛው አይደለም። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 9 ልጅ ከሁለቱም ወላጆቹ ጋር መገናኘቱን መብቱ ያደርገዋል፤ ከጥቅሙ ጋር የሚጋጭ ሲሆን ግን አይደለም ይላል። ፊቅህም እናት ልጁን ስትይዝ አባት እንዳያየው መከልከል እንደማትችል ይናገራል። በሱረቱል በቀራ 233ኛው አንቀጽ ያለው ትምህርት በሁለቱም በኩል የሚሠራ ነው፤ ልጅ እናትን መጉጃም አባትን መጉጃም እንዳይሆን ይከለክላል።

ጉዳዩ እንግዲህ «ይየው ወይስ አይየው» ሳይሆን «የት፣ መቼ፣ ማን ባለበት» ነው። ብዙ ጊዜ ጥቃቱ የሚቀጥለው ልጅ በመቀባበያው ሰዓት በር ላይ ነው። ፍርዱ «በየሳምንቱ ይየው» ብቻ ካለ እናት በየሳምንቱ ከመታት ሰው ፊት ትቆማለች። ግብፅ ሕጓ ላይ ወላጆች ካልተስማሙ ዳኛው የመገናኛውን ቦታ እንዲወስንና ቦታው ልጁን በሥነ ልቦና የማይጎዳ እንዲሆን አድርጋለች፤ በተግባርም ክለቦችና የወጣት ማዕከላት ለዚህ ያገለግላሉ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ የተዘጋጀ ቦታ በየከተማው ባይኖርም ፍርድ ቤቱን ዝርዝር መጠየቅ ግን ይቻላል። ለምሳሌ ቅዳሜ ከመድረሳ በኋላ ከአራት እስከ ሰባት ሰዓት፣ አጎት ቤት፣ አያት ባለችበት፣ ያለ አዳር፤ የሚያደርሰውና የሚመልሰውም እናት ያልሆነች ሌላ ዘመድ። ዳኛ በራሱ አእምሮ ይህን ሁሉ አያወጣውም፤ የሚያውቀው ቤተሰቡ ነው፤ ጽፎ የሚያቀርበውም ቤተሰቡ ነው።

ነፈቃን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ። አባት ልጁን ማየቱ ተገደበ ማለት ቀለብ ቆመ ማለት አይደለም። በሸሪዓም በሕግም የልጅ ነፈቃ የመገናኛ ዋጋ አይደለም። እናትም «ካልከፈለ አላሳየውም» ማለት አትችልም።

የሸሪዓ ፍርድ ቤት ወይስ መደበኛው?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። በፌዴራል ደረጃ አዋጅ ቁጥር 188/1992 የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን አጠናክሯል፤ ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ቀለብንና የልጆች ሞግዚትነትን ያያሉ። ክልሎች በየራሳቸው ሕግ ይሄዳሉ። የትም ቢሆን ግን ፈቃድ የሌለበት ዳኝነት አይጸናም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. አንዲት እህት አልስማማም እያለች በሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የተሰጠባትን የውርስ ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ብሎ ውድቅ አድርጎታል።

ይህን የምናነሳው ከሸሪዓ ዳኝነት ለማራቅ አይደለም፤ ሐዷናን በወጉ የሚያውቅ ቃዲ ከላይ ያየነውን የአማና ሸርጥ ይዞ የሚደበድብን ወላጅ ይለያል። ነገር ግን ምርጫው ከፍርሃት ነፃ ይሁን። ባል አጠገቧ ቆሞ የፈረመችው ፈቃድ ፈቃድ አይደለም፤ ይህን ለቃዲው መናገር አለባት። መጥሪያ ደርሷት ዝም ብትል ወይም ብትቀር ደግሞ እንደተስማማች ሊቆጠርባት ስለሚችል፣ ካልፈለገች ቀርባ «አልስማማም» ትበል። ድብደባው ራሱ ወንጀል በመሆኑ የሚታየው በመደበኛው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። በሽማግሌ ወይም በመጅሊስ ፊት ስለ ልጅ የተደረገ ስምምነትም ቢሆን ፍርድ ቤት ሲቀርብ የልጁን ጥቅም የማያስጠብቅ ሆኖ ከተገኘ ዳኛው ፍቺውን ብቻ ተቀብሎ የልጁን ጉዳይ ራሱ መወሰን ይችላል።

ለአባቶችም የምንለው አለን። የሚደበድቡ እናቶች አሉ፤ በበቀል የተፈጠረ ክስም ይኖራል። ከላይ ያልነው ሁሉ ለአባትም ይሠራል፤ ልጁ ላይ የእንጀራ አባት ወይም እናት ጉዳት ካደረሱ ማስረጃ ይዞ መቅረብ ይችላል። በሐሰት የተከሰሰ አባትም መልሱ ልጁን ነጥቆ መሄድ ሳይሆን ፍርድ ቤቱ በባለሙያ ወይም በሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት በኩል የሁለቱም ቤት ሁኔታ ተጠንቶ እንዲቀርብ እንዲያዝለት መጠየቅ ነው።

ወደ ጀመርናት እህት እንመለስ። ጊዜው አልፏል? አላለፈም። ስለ ልጅ የሚሰጥ ውሳኔ እንደ ንብረት ክፍፍል አንዴ ተዘግቶ የሚቀር አይደለም፤ ሁኔታው ሲለወጥ ወይም የልጁ ጥቅም ሲጠይቅ ፍርድ ቤቱ ሊያሻሽለው ይችላል። የምታመለክተው ውሳኔውን ለሰጠው ፍርድ ቤት ነው። የውሳኔውን ግልባጭ፣ ካላት የሐኪም ወረቀት፣ ሁለቱን ሽምግልናዎች የሚያውቁ ሰዎችን ስም፣ ልጁ ከተመለሰ በኋላ ያየችውን ለውጥ በቀን በቀኑ ጽፋ ትያዝ። ጠበቃ የምትከፍልበት ከሌላት ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ስላለው ነፃ የሕግ ድጋፍ እንዳለ ሄዳ ትጠይቅ፤ ፍርድ ቤቱን ራሱንም መጠየቅ አያሳፍርም። ብቻዋንም አትሂድ፤ ከጀመዓው አንድ ታላቅ እህት አብራት ትሂድ። በዚህ ጊዜ አቤቱታዋ ላይ «አልተግባባንም» ሳይሆን የሆነው ነገር በቀኑና በቦታው ይጻፍ።